የአክሪሊክ ቁርጥራጭ እና የሒሳብ ክፍለ ጊዜ

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ልጽፍ ነውና ሻይ ቡናችሁን ያዙ። በተለይ መምህራን እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ፤ ወስዳችሁ የምትሠሩበት ነገር አለው።

ከአየር ጤና ወደ ሰበታ፣ ከአስኮ ወደ ቡራዩ፣ እንጦጦን አልፎ ወደ ሱሉልታ የሚመላለስ ሰው በመንገዱ ዳር ያሉትን የማስታወቂያ ሥራ ቤቶች ሳያይ አይቀርም። ባነር ይታተማል፣ ታፔላ ይሠራል፣ ማህተም ይቀረጻል፣ ላይት ቦክስ ይገጠማል። በ2015 ዓ.ም. ከተሞቻችን ሸገር ከተማ ተብለው ሲጠቃለሉ ብዙ ታፔላና ማህተም መቀየር ስለነበረበት ሥራቸው ደራ። ሰኔና ሐምሌ የምርቃት ወቅት ሲደርስ ደግሞ ዋንጫው፣ የቁልፍ መያዣው፣ የፎቶ ማስቀመጫው ይጨመራል። ከዚህ ሁሉ ብዙው የሚወጣው ከአንድ ማሽን ነው፤ ከሌዘር መቁረጫ። ዕቃውም በብዛት አንድ ነው፤ አክሪሊክ። ብርጭቆ የሚመስለው፣ ግን ሲወድቅ እንደ ብርጭቆ የማይበተነው ፕላስቲክ።

የምጽፈው ስለዚህ ማሽንና ስለዚህ ፕላስቲክ ነው። ስለ ታፔላ ግን አይደለም።

ዘንድሮ 9ኛ ክፍል ሒሳብ ከማስተምራቸው ልጆች አንዱ ዓይነ ስውር ነው። ሰበታ ሲባል ብዙ ሰው ትዝ የሚለው የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤቱ ስለሆነ ይሄ ለእኛ አገር እንግዳ ነገር አይደለም። ልጆቹ ዝቅተኛውን ክፍል እዚያ ተምረው ወደ ሁለተኛ ደረጃ ሲመጡ ከሌላው ተማሪ ጋር ተቀላቅለው ይቀመጣሉ። በቋንቋ፣ በታሪክ፣ በዜግነት ትምህርት ክፍሉን የሚመሩ አሉ። ሒሳብ ላይ ስንደርስ ነገሩ ይለወጣል። እኔ ባየኋቸው ክፍሎች ያለው ልማድ ይሄ ነው፦ ልጁ በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ይቀመጣል እንጂ አይማርም። መምህሩ ሰሌዳው ላይ ይሥልና "ይሄኛው አንግል ከዚህኛው ጋር ሲደመር" ይላል። ይሄኛው የቱ ነው? ያኛውስ?

አንድ ባልደረባዬ በቅንነት "ጂኦሜትሪ ለእሱ ምን ይሠራለታል? ዝም ብለህ አታስጨንቀው" አለኝ። ክፋት አስቦ አይደለም። ግን ልጁን የጠየቀው ሰው አልነበረም። እኔ ጠየቅኩት።

"ሦስት ማዕዘን ምን እንደሚመስል ታውቃለህ?"

"አዎ ቲቸር። ሳምቡሳ ይመስላል ይላሉ።"

"ከሳምቡሳ ሌላስ?"

"ከሳምቡሳ ሌላ ነክቼ አላውቅም።"

ይሄ መልስ ለብዙ ቀን ከጭንቅላቴ አልወጣም። ልጁ ሰነፍ አይደለም እኮ። ብሬል ሲጽፍ አይታችሁ ከሆነ ታውቃላችሁ። በስሌትና በስታይለስ የሚጽፍ ሰው ወረቀቱን ከጀርባው ነው የሚወጋው። ስለዚህ ከቀኝ ወደ ግራ፣ እያንዳንዱን ፊደል ገልብጦ ይጽፋል፤ ከዚያ ወረቀቱን አዙሮ ከግራ ወደ ቀኝ ያነባል። እኛ በመስተዋት የምናየውን ግልብጥ ቅርጽ እሱ በየደቂቃው በአእምሮው ይሠራዋል። ሉዊ ብሬይል በ3 ዓመቱ ዓይኑን ያጣው በአባቱ የቆዳ መሥሪያ ቤት ውስጥ በወስፌ ተወግቶ ነው፤ 15 ዓመት ሲሆነው፣ እ.ኤ.አ. በ1824፣ በ6 ነጥብ የሚጻፈውን ፊደል ያዘጋጀ። ነጥቦቹ የሚወጉበት ስታይለስ ደግሞ ከወስፌ ብዙም የሚለይ አይደለም። እና እንዲህ ያለውን ጽሑፍ የሚያንበለብል ልጅ ሦስት ማዕዘን ይከብደዋል? ችግሩ የሚነካው ሦስት ማዕዘን አለመኖሩ ነው።

ካርቶን በመቀስ ቆርጬ መስጠት እችል ነበር። ለመጀመሪያ ትውውቅ ይሆናል። እኔ ግን የፈለግኩት ቅርጹን እንዲያውቅ ብቻ ሳይሆን በ7ኛ ክፍል ያለፈውን ነገር ራሱ እንዲያገኘው ነው፦ የማንኛውም ሦስት ማዕዘን 3 አንግሎች ሲደመሩ 180 ዲግሪ ይሆናሉ። ዓይን ያለው ተማሪ ወረቀት ቀድዶ ሦስቱን ጫፍ ጎን ለጎን ሲያስቀምጥ ትንሽ ቢዛነፍም "አዎ ቀጥ ብሏል" ብሎ ያልፋል። ጣት እንዲህ አያልፍም። 4 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ባለው ቁራጭ ላይ የ5 ዲግሪ ስህተት ጫፉ ላይ 3.5 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ጣት ይሄን ወዲያው ያገኘዋል። በመቀስ ደግሞ ከዚህ ባላነሰ መዛነፍ ቀላል ነው። ስለዚህ በትክክል የሚቆርጥ ነገር ያስፈልገኝ ነበር፤ እሱም ከትምህርት ቤታችን በእግር የ10 ደቂቃ መንገድ ላይ ባለ ማስታወቂያ ቤት ውስጥ ቁጭ ብሏል።

ባለቤቱን ሄጄ አነጋገርኩት። "ቲቸር፣ ሥዕሉን አምጣና አክሪሊክ ላይ ልቅረጽልህ፣ ቆንጆ አድርጌ" አለኝ። መቅረጽ ማለት ሌዘሩ ላዩን ብቻ ጫር አድርጎ ነጭ ጭጋግ የሚመስል ጽሑፍ ሲያወጣ ነው፤ ዋንጫ ላይ የምናየው። ከመወሰናችን በፊት ከተጣሉት የቁልፍ መያዣዎች ሁለቱን ለምኜ ወሰድኩና በማግሥቱ ለልጁ ሰጠሁት። የተቀረጸውን ጽሑፍ በጣቱ ደጋግሞ ዳሰሰው። "ቲቸር፣ ይሄ ጭረት ነው። የሆነ ነገር የፈገፈገው ይመስላል" አለ። ከዚያ ጣቱ ወደ ጠርዙ ሄደ። አንድ ዙር ዞረና "ይሄ ኮከብ ነው አይደል?" አለኝ። ኮከብ ነበር።

ነገሩ በዚያ ተወሰነ። ጣት የሚያነበው ከፍ ያለውንና ጠርዙን ነው፤ የጎደጎደ ስስ መስመር ይጠፋበታል። ለዋንጫ የሚሆነው መቅረጽ ነው፤ ለዚህ ልጅ የሚሆነው መቁረጥ ነው።

እዚህ ላይ ማሽኑን ትንሽ ላስረዳ። ፊዚክስ የምታስተምሩ ታግሣችሁ አንብቡኝ። የመጀመሪያውን ሌዘር የሠራው ቴዎዶር ማይማን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1960። እነዚህ ማስታወቂያ ቤቶች ያላቸው ዓይነት፣ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ የሚሠራው፣ በ1964 ኩማር ፓቴል በአሜሪካው ቤል ላብስ የሠራው ነው። ብርሃኑ አይታይም። የሞገዱ ርዝመት 10.6 ማይክሮ ሜትር ነው፤ ዓይናችን ከሚያየው አረንጓዴ ብርሃን 20 እጥፍ ገደማ ይረዝማል። የሚገርመው ነገር ይሄ ነው፦ አክሪሊክ የምናየውን ብርሃን ሁሉ ያሳልፋል፣ ለዚህኛው ብርሃን ግን እንደ ግድግዳ ነው። ይውጠዋል። ሲውጠው ይግላል፣ ይቀልጣል፣ ይተናል። የሚቀረው ክፍተት 0.2 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ጠርዙም በሙቀቱ ቀልጦ ስለሚረጋ እንደተወለወለ ይወጣል፤ መጋዝ እንዲህ አያደርግም። ከማሽኑ ሥር ያለው ባለ ፓምፕ የውሃ ባልዲ ቱቦውን ለማቀዝቀዝ ነው።

አክሪሊክ ራሱ ከዓይን ጋር የቆየ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1933 በጀርመን ፕሌክሲግላስ በሚል ስም ገበያ ላይ ወጣ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተዋጊ አውሮፕላን አብራሪ መቀመጫ መሸፈኛ ሆነ። አውሮፕላኑ ሲመታ ስንጣሪው አብራሪዎቹ ዓይን ውስጥ ይገባ ነበር። ሃሮልድ ሪድሊ የሚባል እንግሊዛዊ የዓይን ሐኪም የዚህ ፕላስቲክ ስንጣሪ ዓይን ውስጥ ቢቀርም ዓይኑ እንደማይቆጣ አስተዋለ። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 29 ቀን 1949 ለንደን ውስጥ በሴይንት ቶማስ ሆስፒታል ከዚሁ ከአክሪሊክ የተሠራ ሌንስ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ዓይን ውስጥ አስገባ። የዓይን ሞራ ተገፍፎላቸው፣ ሌንስ ገብቶላቸው ዳግም ያዩ እናቶችና አባቶች የዚያ ሥራ ተጠቃሚዎች ናቸው። በአገራችን ለዓይነ ስውርነት አንደኛው ምክንያት የዓይን ሞራ ስለሆነ ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም። የእኔ ተማሪ ዓይን በሌንስ የሚመለስ አይደለም። ለእሱ አክሪሊኩ የሚገባው በጣቱ በኩል ነው።

አሁን ወደ ሥራው። ኮረል ድሮው ላይ የሣልኩት ይሄን ነው። አንደኛው ሦስት ማዕዘን አንግሎቹ 50፣ 60 እና 70 ዲግሪ ናቸው፤ ረጅሙ ጎኑ 12 ሴንቲ ሜትር። ሁለተኛው 20፣ 30 እና 130 ዲግሪ፤ ረጅሙ ጎኑ 20 ሴንቲ ሜትር። በእያንዳንዱ ጫፍ ላይ ጫፉን መሐል አድርጌ በ4 ሴንቲ ሜትር ሬዲየስ ቅስት አሰመርኩ። ሲቆረጥ ከእያንዳንዱ ሦስት ማዕዘን 3 የፒዛ ቁራጭ የሚመስሉ ይወጣሉ። ለምን በቅስት? ጣት ግራ እንዳይጋባ ነው። ቀጥ ያለው ጠርዝ የሦስት ማዕዘኑ ጎን ነው፣ የታጠፈው እኛ የቆረጥነው ነው። ከጎኑ ደግሞ ያው 4 ሴንቲ ሜትር ሬዲየስ ያለው አንድ ግማሽ ክብ ቀዳዳ ሣልኩ። የሦስት ማዕዘን አንግሎች ድምር 180 ከሆነ ሦስቱ ቁራጮች ያንን ቀዳዳ ጥርቅም አድርገው መሙላት አለባቸው። ካልሆነም አይሞሉም።

ባለ 60 ዋቱ ማሽን 3 ሚሊ ሜትር አክሪሊክ በሰከንድ 15 ሚሊ ሜትር ገደማ እየሄደ ይቆርጣል። የአንዱ ሦስት ማዕዘን ዙሪያ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። የፈጀብን መብራቱ ነው። ቅስቱ መሐል ላይ ሄደ። ልጁ ባለቤቱን ለመርዳት እጁን ሊሰድ ያለውን ሠራተኛ "እንዳትነካው!" አለው ጮኾ፤ ሉኩ በፀጉር ያህል ከተንቀሳቀሰ ሲመጣ መስመሩ ይዛነፋልና። ግማሽ ሰዓት ቆመን ጠበቅን። መጣ፤ ጨረስን።

ከዚህ በኋላ ያለው የእጅ ሥራ ነው። ከቆረጥነው ሉክ የቀረው ክፈፍ አይጣልም፤ ቁራጮቹ የሚቀመጡበት መደብ እሱ ነው። ሌዘሩ የበላት 0.2 ሚሊ ሜትር ቁራጩ ሳይጨናነቅ ላላ ብሎ እንዲገባ ታደርገዋለች። ከሥሩ ሌላ ቁርጥራጭ በሱፐር ግሉ ለጠፍን። ሱፐር ግሉ አክሪሊክ ላይ ነጭ ጭጋግ ይተዋል፤ ባለቤቱ "ሥራዬን አበላሸብኝ" ብሎ ተነጫነጨ። ለዓይን እውነቱን ነው፤ ለጣት ግን ምንም አይደለም። ሹል የሆነውን ጠርዝ ብቻ በብርጭቆ ወረቀት አንድ ሁለቴ አሸት አደረግነው። ጽሑፍ አላደረግንበትም። የአማርኛ ብሬል ተነባቢውንና አናባቢውን ለየብቻ ስለሚጽፍ አንድ ቃል ሰፊ ቦታ ይይዛል፤ አፋን ኦሮሞና እንግሊዝኛ ሲጨመር ቁራጩ አይበቃም። በጽሑፍ ፋንታ የመጀመሪያው ሦስት ማዕዘን ቁራጮች ቅስታቸው ላይ አንድ ጥርስ፣ የሁለተኛው ሁለት ጥርስ አላቸው። ይሄ በየትኛውም ቋንቋ ይነበባል።

ባለቤቱ አክሪሊኩን በነፃ ነው የሰጠኝ፣ ከተቆለለ ቁርጥራጭ ውስጥ። የማሽኑን ደቂቃ ከፈልኩ።

ልጁ መጀመሪያ ሦስት ማዕዘኑን ገጣጥሞ ዙሪያውን ዳሰሰ። ከዚያ ሦስቱን ቁራጭ አንድ በአንድ ወደ ግማሽ ክቡ አዛወረ። የመጨረሻዋ ስትገባ ቀጭ አለች። ጣቱን በላዩ አሳለፈ፤ የሚወጣም የሚጎድልም የለም። "ሞላ" አለ። ሁለተኛውን ሰጠሁት። ያ ደግሞ ቅጥነቱና ስፋቱ ፍጹም የተለየ ነው። እሱም ሞላ።

ከዚህ በኋላ ያለውን እኔ አላዘጋጀሁትም። ቁራጮቹን ቀላቀላቸው። የሁለተኛውን ትልቁን አስገባና የመጀመሪያውን 50 ዲግሪ ከጎኑ ሲያደርግ ሁለቱ ብቻቸውን ሞሉት። 130 እና 50። "ቲቸር፣ እነዚህ ከአንድ ቤት አይደሉም፤ ግን ሞሉ" አለኝ። ዝም አልኩ። 50ዋን አወጣና በቦታዋ 20ዋንና 30ዋን አስገባ። ገቡ። ቆየት ብሎ "ታዲያ እነዚህ ሁለቱ አንድ ላይ ያችን ያክላሉ ማለት ነው" አለ። መጽሐፉ የውጪ አንግል የሚለው ነገር ነው ይሄ፤ በሰሌዳ ሳስተምር ብዙ ጊዜ ተማሪው የሚያፈጥብኝ። ከዚያ አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ፦

"ሁለቱ ሞልተዋል። ሌሎቹም ሁሉ እንደሚሞሉ ግን በምን እናውቃለን? ሁሉንም መቁረጥ አንችልም።"

ወገኖቼ፣ ይሄ ጥያቄ ነው ሒሳብ ማለት። ማረጋገጫ የሚባለው ነገር ለምን እንዳስፈለገ በዓመታት ውስጥ እንዲህ አድርጎ የጠየቀኝ ተማሪ አላስታውስም። የሚያዩት ልጆች ሥዕሉን አይተው "እሺ" ብለው ያልፋሉ። በነገራችን ላይ በእረፍት ሰዓት ሌሎቹ ከበቡትና አንዷ "ቲቸር፣ ለእኛስ?" አለችኝ። ልክ ናት። አሁን ዴስክ ዴስክ እየዞረ ነው።

መሥራት ለምትፈልጉ ሦስት ነገር ልንገራችሁ።

አንደኛ፣ ያገኛችሁትን ፕላስቲክ ሁሉ ለሌዘር አትስጡ። ማስታወቂያ ቤት ውስጥ አክሪሊክ የሚመስል ፒቪሲ አለ፤ ነጩ ፎም ቦርድም በአብዛኛው ፒቪሲ ነው። ሌዘር ሲነካው ሃይድሮጅን ክሎራይድ የሚባል ጋዝ ያወጣል፤ ሳንባን ይጎዳል፣ ማሽኑንም ያዝገዋል። ከተጠራጠራችሁ የኬሚስትሪ መምህሩን ጥሩ። የመዳብ ሽቦ አግላችሁ ፕላስቲኩን ንኩበትና መልሳችሁ እሳት ላይ ያዙት። ነበልባሉ ወደ አረንጓዴ ከተለወጠ ክሎሪን አለበት፤ ተዉት። በትንሽ ቁራጭ፣ ነፋስ ባለበት ቦታ ይደረግ። አክሪሊክም ቢሆን በእሳት ይያያዛልና ማሽኑ ሲሠራ ትቶ መሄድ የለም።

ሁለተኛ፣ ማሽኑን ጠይቁ። ሱሉልታ የሚያስተምር ጓደኛዬ ፋይሉን ወስዶ ሲሞክር እዚያ ያገኘው ትንሹ ባለ ሰማያዊ ብርሃን ሌዘር ነበር። ብርሃኑ በግልጹ አክሪሊክ ውስጥ እንደ መስኮት አልፎ ሄደ፤ ምንም አልቆረጠም። ሰማያዊ የሚታይ ብርሃን ስለሆነ ነው። ጥቁር አክሪሊክ ሲሰጡት በተደጋጋሚ ዙር ቆረጠው። ቡራዩ ያለችው ባልደረባችን ደግሞ ክፍሏ ውስጥ ትንሽ የሚያይ ልጅ ስላላት ሆን ብላ ጥቁር ቁራጭ በነጭ መደብ ላይ አሠርታለች። ጥሩ ሐሳብ ነው፤ እኔም ቀጣዩን እንደዚያ አደርጋለሁ።

ሦስተኛ፣ ከመቁረጣችሁ በፊት ልጁን አስነኩት። የቁልፍ መያዣው ባይኖር ኖሮ እስካሁን እየቀረጽን ነበር።

ለጥያቄው መልስ ትይዩ መስመር ያስፈልገኛል። በሦስት ማዕዘኑ አናት ላይ ከመሠረቱ ጋር ትይዩ የሆነ መስመር ሲሳል ግራና ቀኝ የሚፈጠሩት አንግሎች ከታችኞቹ ጋር እኩል ናቸው፤ ከዚያ በኋላ ሁሉንም መቁረጥ አያስፈልግም። ይሄን በጣት እንዴት እንደሚነበብ አድርጌ እየሣልኩ ነው፤ ሁለት ጊዜ አስነክቼው ሁለቴም "መስመሩ ከጎኑ ጋር ይምታታል" ብሎኛል። ቅዳሜ ሦስተኛውን ይዤለት እሄዳለሁ።

ፋይሉን የምትፈልጉ መምህራን ኢንቦክስ ጻፉልኝ፣ በነፃ እልካለሁ። የብሬል ወይም የልዩ ፍላጎት ትምህርት ባለሙያዎች ካላችሁ መስመሩን እንዴት ብለይ እንደሚሻል ኮመንት ላይ ንገሩኝ። ማስታወቂያ ቤት ያላችሁ ደግሞ ከመዳፍ የሚበልጠውን ቁርጥራጭ አትጣሉት፤ አቅራቢያችሁ ላለ ትምህርት ቤት ደውሉ።